ያረጀ ኮመዲኖን የገጠር ቤት መልክ ማስያዝ፦ ቀለሙ ለምን ቢጫ ያወጣል? ለምንስ ይላጣል?

ጥያቄ፦ «ከአያቴ የወረስኩት ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ አለኝ። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ላዩ ያብለጨልጫል። የገጠር ቤት ዕቃ መስሎ፣ ነጣ ብሎ፣ ጠርዝ ጠርዙ የተፋቀ እንዲሆን ፈለግኩ። አንዱን መሳቢያ በውሃ ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁት። በማግስቱ ቢጫና ሮዝ የመሰለ ነጠብጣብ አወጣ። በጥፍሬ ስነካው ደግሞ ይላጣል። ሦስተኛ እጅ ልድገመው? ወይስ ሁሉንም እስከ እንጨቱ ልላጠው? ሲያልቅስ ሰም ይሻለዋል ወይስ ቫርኒሽ?»

ምላሽ፦ ሦስተኛ እጅ አይድገሙት። እስከ እንጨቱ መላጥም አያስፈልግዎትም። ለጊዜው የቀለሙን ክዳን ዘግተው ያስቀምጡት። ችግሩ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው።

መሳቢያዎ ላይ የደረሱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጠብጣቡ አንድ ነገር ነው፣ መላጡ ሌላ። ምክንያታቸው አይገናኝም፤ መፍትሔያቸውም ለየብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይጨፈልቅና «ቀለሙ መጥፎ ነው» ብሎ ሌላ ቀለም ይገዛል። ሌላውም ያው ይሆናል።

ከነጠብጣቡ እንጀምር። እንጨት በውስጡ ቀለም የሚለቅ ነገር አለው። ኦክ፣ ማሆጋኒ፣ ሴዳር የመሳሰሉት ታኒን የሚባለውን ቆዳ ማልፊያ ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛሉ። ቢጫውና ቡናማው የሚመጣው ከእሱ ነው። በዚያ ላይ የድሮ አናጺዎች ተራውን እንጨት ማሆጋኒ ለማስመሰል ቀይ ማቅለሚያ ይቀቡት ነበር። ሮዝ የመሰለው ነጠብጣብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ማቅለሚያ የሚወጣ ነው። የውሃ ቀለም ሲቀቡ ውሃው በአሮጌው ቫርኒሽ ስንጥቅ እየሰረገ ይገባል። ታኒኑንና ማቅለሚያውን ያሟሟቸዋል። ከዚያ ሲተን ይዟቸው ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ አዲስ እጅ አዲስ ውሃ ነው። ስለዚህ አምስት እጅ ቢቀቡም አምስት ጊዜ ይጎትተዋል።

ይህን የሚያቆመው ሸላክ ነው። ሸላክ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚተዉት ሙጫ የሚሠራ፣ በአልኮል የሚሟሟ ማሸጊያ ነው። ውሃ ስለሌለበት ታኒኑን አይጎትተውም። ሲደርቅም የውሃ ቀለሙ ወደ ታች እንዳይሰርግ ይዘጋዋል። እንደ ፓይን ባለ ሙጫማ እንጨት ላይ ያለውን የጉጥ ሙጫም ያፍናል። የአሮጌ መሳቢያ ሽታንም እንዲሁ። በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርቃል። በውሃ የሚሠሩ «ነጠብጣብ ከላካይ» የሚል የተጻፈባቸው ፕራይመሮችም (ከቀለም በፊት የሚቀቡ መሠረቶች) አሉ። ለቀላል ነጠብጣብ ይሆኑ ይሆናል፤ ቀይ ማቅለሚያ ላለበት ዕቃ ግን አልመክርዎትም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ሸላክ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዱ ነጭ ቀለም የተቀላቀለበት ፕራይመር ነው። ሌላው መስታወት የመሰለው፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳየው ነው። እርስዎ ጠርዙ ተፍቆ እንጨቱ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ነጩን ፕራይመር ከቀቡ በኋላ ጠርዙን ሲፍቁት፣ ከቀለሙ ሥር መጀመሪያ ብቅ የሚለው እንጨቱ አይደለም። የነጭ ፕራይመሩ መስመር ነው። በክሬም ቀለምና በቡናማው እንጨት መሃል ደማቅ ነጭ ክር ይሠራል። በዕድሜ የተፋቀ ዕቃ እንዲህ ዓይነት ክር የለውም፤ ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ቀለም አልባው ሸላክ ነው። ከላዩ በውሃ የሚሠራ ቫርኒሽ የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ሰሙ የወጣለትን ይምረጡ፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። በተፈጥሮው ሰም ያለበት ሸላክ ቫርኒሽ አጥብቆ አይዝም።

አሁን ወደ መላጡ። ቀለም የሚይዘው ሁለት ነገር ሲያገኝ ነው፦ ንጹሕ ገጽና የሚቆናጠጥበት ሸካራ። ኮመዲኖዎ ሁለቱም የለውም። ያብለጨልጫል ብለዋል። ያ ማብለጭለጭ ቫርኒሹ ብቻ አይደለም። ለዓመታት የተቀባ ሰም፣ የእጅ ወዝና የማጽጃ ዘይት ነው። በተለይ ሲሊኮን ያለበት የዕቃ ማብለጭለጫ ተነፍቶበት ከነበረ ቀለሙ እዚያ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል።

ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ላዩ ላይ ያድርጉ። ውሃው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ከቆመ ሰም ወይም ቅባት አለ። ተዘርግቶ ከረጠበ ገጹ ንጹሕ ነው።

ማጠቡ እንዲህ ነው። መሳቢያዎቹን ያውጡ። እጀታና ማጠፊያውን በካቻቢቴ ይፍቱ፤ ብሎኖቹን እንዳይጠፉ በየመሳቢያቸው በኤንቨሎፕ አድርገው ቁጥር ይጻፉባቸው። መጀመሪያ ሰሙን በዋይት ስፒሪት (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ወይም በተርፔንታይን በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይለውጡት፤ አለዚያ ከአንዱ ቦታ ያነሱትን ሌላው ላይ ይቀባሉ። ከዚያ ቅባት በሚቆርጥ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። ጨርቁ ተጨምቆ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይፍሰስበት፤ የድሮ ኮላ ውሃ አይወድም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሁለቴ ያልቅልቁት። የሳሙና ቅሪት እንደ ቅባቱ ሁሉ ቀለም ያስለቅቃል። አድሮ ይድረቅ።

ማጠቡ ከመፈግፈጉ መቅደሙ የግድ ነው። ሰም ያለበትን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጉት ሰሙን እየጨፈለቁ ወደ ጭረቱ ያስገቡታል። ከዚያ ወዲያ ማውጣቱ ከባድ ነው።

መፈግፈግ ስል እስከ እንጨቱ መላጥ ማለቴ አይደለም። 150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይያዙና በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ቀለል አድርገው ይሂዱበት። ግብዎ ማብለጭለጩን ማጥፋት ብቻ ነው። ገጹ ሁሉ እኩል ደብዘዝ ሲል በቃ። ፋኖስ ወይም የስልክ መብራት በጎን ያብሩበት፤ ያመለጠዎት ቦታ እያብለጨለጨ ራሱን ያሳይዎታል። ጌጥ ያለበትን ጎድጓዳ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በደቃቅ የብረት ሱፍ ይሥሩት።

ሙሉ በሙሉ መላጥ የሚያስፈልገው አሮጌው ቫርኒሽ ራሱ እየተፈረፈረ ከሆነ ነው። ወይም እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ከሆነ። በደከመ ገጽ ላይ የተቀባ ቀለም የሚቆየው ገጹ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ በተደበቀ ቦታ ላይ በምላጭ ጥልፍልፍ መስመር ይጫሩ። ፕላስተር ጫን አድርገው ይለጥፉበትና ባንዴ ሳብ ያድርጉት። ቫርኒሹ አብሮት ከመጣ መላጥ አለበት። ካልመጣ ይቆይልዎት፤ ጥሩ መሠረት ነው።

ከመፈግፈግዎ በፊት ግን አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎ። ኮመዲኖው ከቫርኒሹ ሥር ወይም ከመሳቢያው ውስጥ አሮጌ ቀለም ካለው፣ ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለምና በእሱ የተቀባ የቤት ዕቃ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ብዙ አገሮች ከዚያም ዘግይተዋል። የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። ዕቃው የቆየ ከሆነና ቀለም ካዩበት ደረቁን አይፈግፍጉ። የእርሳስ መመርመሪያ በትንሽ እሽግ ይሸጣል። ካገኘበት በማሽንም በእጅም ደረቁን መፈግፈግ አይሆንም፤ በእሳት ማቅለጥም አይሆንም። በኬሚካል ማንሻ የሚሠራ ባለሙያ ይያዘው። ቡናማ ቫርኒሽ ብቻ ከሆነ ይህ ስጋት ያን ያህል ባይሆንም የብናኝ ጭንብልና የተከፈተ መስኮት አይቀርም።

ከቀለሙ በፊት የሚጠገነው ይጠገን። የሚወዛወዝ እግር ቀለም ተቀብቶ አይጸናም፤ ቀለሙም መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውን ይፍቱ፣ የደረቀውን ኮላ ይፋቁ፣ አዲስ የእንጨት ኮላ ይቀቡ፣ በሞርሳ አስረው አንድ ቀን ይተዉት። አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። የድሮ ዕቃ ኮላ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተሠራ ስለሆነ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ ይህ ሥራውን ያቀልልዎታል።

ስሱ የላይ ልባጥ ተነስቶ አረፋ የሠራበት ቦታ ካለም መጀመሪያ በሙቀት ይሞክሩት። እርጥብ ያለ ጨርቅ ያንጥፉበት። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት። ከዚያ ጠፍጣፋ እንጨት አድርገውበት ከባድ ነገር ይጫኑበትና ይቀዝቅዝ። ከሥሩ ያለው የእንስሳ ኮላ ከሆነ ሙቀቱ መልሶ ያስይዘዋል።

ጭረትና ጉድጓዱን በተመለከተ፦ ሁሉንም በስቱኮ አይሙሉት። የገጠር ቤት መልክ ትንሽ ቁስል ይወዳል። እጀታ ለመቀየር የተበሳሳውንና ጨርቅ የሚይዘውን ስንጥር ይድፈኑ፤ የቀረውን ይተዉት። ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ካዩና ከሥራቸው ትኩስ የእንጨት ዱቄት ከወረደ ግን ቅንቅን ገና በውስጡ አለ ማለት ነው። ዕቃውን ወደ ቤት ከማስገባትዎ በፊት መድኃኒት ይደረግለት። መድኃኒቱ ደግሞ የሚሰርገው ባልተቀባ እንጨት ስለሆነ በመሳቢያው ሥርና በጀርባው በኩል ይጀምሩ።

ከዚያ ሸላኩ። ሁለት ስስ እጅ፣ በመካከላቸው አንድ ሰዓት። በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ይሥሩት፤ ያለፉበትን ደግመው አይነካኩ። ይጎተታል። ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ ያድርጉትና አቧራውን ይጥረጉ።

ይህን ሁሉ ከሥር ላለው ነገር የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የዚህ መልክ ውበት ዕቃው ያረጀ መምሰሉ ነው። ማርጀት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እርስዎ በፈለጉበት ቦታ፣ በፈለጉት ልክ የተፋቀ። ሌላው ቀለሙ አልይዝ ብሎ በራሱ ጊዜ የረገፈ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በዓመቱ አንደኛው ዕቃ ነው፣ ሌላው ፍርስራሽ። ለመፋቅ ነፃነት የሚኖርዎት የቀረው ቀለም ንቅንቅ እንደማይል ሲያውቁ ነው።

ስለ ቀለም ዓይነት አልጠየቁኝም፤ ግን መናገር አለብኝ። አሁን በእጅዎ ያለው የውሃ ቀለም ማት (የማያብረቀርቅ) ከሆነ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለዚህ መልክ አይሆንም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ፕላስቲክ ይመስላል፣ ሲፋቅም እንደ ላስቲክ ይጠቀለላል እንጂ አይቦንም። የፍቆሽ ሥራ የሚያምረው ሲፈገፈግ ዱቄት በሚሆን ቀለም ነው።

ለዚህ ነው «ቾክ ፔይንት» የሚባለው የተወደደው። ስያሜውን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው እንግሊዛዊቷ አኒ ስሎን ናት። አሁን ተመሳሳዩን ብዙዎች ይሠሩታል። ወፈር ያለ፣ ፍጹም ማት፣ በቀላሉ የሚፈገፈግ ነው። «ማዘጋጀት አያስፈልግም» የሚለውን ማስታወቂያ ግን በግማሹ ይመኑት። መፈግፈግ ላያስፈልገው ይችላል። ሰምና ቅባት ላይ ግን አይዝም፤ ታኒንንም አያቆምም። የውሃ ቀለም ነውና እንደ ማንኛውም የውሃ ቀለም ይጎትተዋል።

የወተት ቀለም ሌላ ነገር ነው። ከወተት ፕሮቲን፣ ከኖራና ከቀለም ዱቄት የሚዘጋጅ ጥንታዊ ቀለም ነው። በዱቄት ይሸጣል፤ በውሃ በጥብጠው በዚያው ቀን ይጠቀሙበታል። ባልተቀባ እንጨት ላይ ሰርጎ ለዘለዓለም ይይዛል። በአሮጌ ቫርኒሽ ላይ ግን እንደፈለገው ነው፤ አንዱ ጋ ይይዛል፣ አንዱ ጋ ይረግፋል። ሆን ብለው ይህን የሚወዱ አሉ፤ በእውነትም ሲሳካ የሚያህለው የለም። ለመጀመሪያ ዕቃ፣ ያውም ለአያት ቅርስ፣ አልመርጥልዎትም።

ነጭ የዘይት ቀለም ብርታቱ ጥሩ ነው። ግን ብርሃን በማያገኝበት ቦታ በጊዜ ብዛት ይቢጫል። ለነጣ ዕቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ስለ ነጩ ራሱ አንድ ቃል። ከጣሳው እንደወጣ ያለው ድፍን ነጭ አሮጌ ዕቃ ላይ ይጮኻል። ትንሽ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ወይም ትንሽ ቡናማ ጠብ ያድርጉበትና ክሬም ወይም የአጥንት ነጭ ያድርጉት። ከሥሩ ሌላ ቀለም መቅባትም ይችላሉ፦ ደብዛዛ ግራጫ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሰማያዊ። ሲፋቅ መጀመሪያ እሱ፣ ጠለቅ ሲል እንጨቱ ይታያል። ዕቃው በትውልድ ተራ ሁለት ጊዜ የተቀባ ይመስላል። ገርጣ ያለውን ግራጫ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ በስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ዘመን፣ ማለትም ከ1771 እስከ 1792 እ.ኤ.አ.፣ የተስፋፋውን የቤት ዕቃ ስልት ይመልከቱ። የዛሬው ነጣ ያለ የገጠር መልክ ብዙ ነገር የወሰደው ከዚያ ነው።

ሲቀቡ ስስ ስስ ያድርጉት። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። የብሩሹ ዱካ ቢቀር አይዘኑ፤ ለዚህ መልክ ዱካው ያምርበታል። በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ብቻ ይሁን። የመሳቢያውን ጎንና የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ግን ቀለም አያስነኩት። የድሮ መሳቢያ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ትንሽ ነው፤ ሁለት እጅ ቀለም ይበቃዋል ለመጣበቅ። ሐዲዱን በሻማ እሸት እሸት ያድርጉት፤ ሳብ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ይመጣል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ወደ መፋቁ።

ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሳትዎ በፊት ኮመዲኖው ፊት ቁሙና መሳቢያውን ደጋግመው ይክፈቱት፣ ይዝጉት። እጅዎ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። እጀታው ዙሪያ ነው። ከእጀታው በላይ ጣትዎ የሚነካው ቦታ ነው። የላይኛው መሳቢያ ከታችኛው ይበልጥ ይከፈታል፤ ስለዚህ የበለጠ ይፋቃል። የላዩ ጠርዝ በፊት ለፊት በኩል ክንድ ያርፍበታል። የፊት ማዕዘኖቹ የሚያልፍ ሰው ይታከካቸዋል። እግሮቹን መጥረጊያና ጫማ ይመታቸዋል፤ እዚያ የሚያምረው ከሥር ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ፍቆሽ ነው። ግድግዳ ላይ የሚጠጋውን የኋላ ጠርዝ ማንም አይነካውም። ያኛው ሙሉ ይቅር። የጌጡ ጎድጓዳ ክፍልም አይፋቅም፤ እዚያ እጅ አይደርስም፣ ቆሻሻ ነው የሚጠራቀምበት።

ብዙ ጊዜ የማየው ጥፋት ሁሉንም ጠርዝ በእኩል ስፋት መፋቅ ነው። በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ኖሮ የተፋቀ ዕቃ ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም። በቀኝ እጁ የሚጠቀም ቤተሰብ የነበረው ዕቃ በቀኝ በኩል የበለጠ ያልቃል።

አሠራሩ ሁለት ነው። አንዱ ከቀለሙ በፊት ነው፦ እንዲፋቅ የሚፈልጉትን ቦታ በደረቅ ሻማ ይሹት፣ ከዚያ ይቀቡ። ሰሙ ባለበት ቀለሙ አይዝም፤ ሲደርቅ በስፓቱላ ገፋ ሲያደርጉት ስብርብር ብሎ ይነሳል። ጠርዙ የተቆረሰ የሚመስል መልክ ይሰጣል። ቀደም ብዬ ሰምን ያን ያህል ካጠብን በኋላ መልሼ ሰም ስል ግራ አይጋቡ። ያኛው ሰም የት እንዳለ አናውቅም ነበር። ይኼኛውን ያስቀመጥነው እኛ ነን። ሲጨርሱ የቀረውን ሰም በዋይት ስፒሪት ይጥረጉት።

ሁለተኛው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በ220 ቁጥር መፈግፈግ ነው። በማግስቱ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀለሙ ደርቋል፣ ገና ግን አልጠነከረም። ቾክ ፔይንት ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ማሸትም ይበቃል፤ ብናኝ የለውም፣ ጠርዙም ልስልስ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ይፈግፍጉ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና ይዩት። የተፋቀን መመለስ ከመፋቅ ይከብዳል። እንጨቱ ድረስ ዘልቀው ነጣ ያለ ትኩስ እንጨት ከወጣብዎት እዚያ ላይ ብቻ ቡናማ ማቅለሚያ ነካ ያድርጉበት። ትኩስ እንጨት የአሮጌ ዕቃ ጠርዝ ላይ ሥራዎን ያጋልጣል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ፦ ሰም ወይስ ቫርኒሽ? ለጎኑና ለመሳቢያው ፊት ሰም፣ ለላዩ ቫርኒሽ እላለሁ። ሰም ሲዳስሱት ልስላሴ አለው፣ የቀለሙን ማትነት አያጠፋም፣ ሲያልቅ ይጨመርበታል። ሙቀትና ውሃ ግን አይችልም። ትኩስ ኩባያ ቢያስቀምጡበት ክብ ይቀርበታል። የኮመዲኖ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቀመጥበታል። ስለዚህ ላዩን ፖሊዩሬታን የሚባለውን ጠንካራ ቫርኒሽ፣ በውሃ የሚሠራውን ማት፣ ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ይቀቡት። በዘይት የሚሠራውን ፖሊዩሬታን አይግዙ፤ በነጭ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማር የመሰለ ቢጫ ይጥላል፣ እየቆየም ይብሳል። ጣሳውን አይነቅንቁት፣ አረፋ ይሠራል፤ በእንጨት ያማስሉት።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ። በሰም ላይ ቫርኒሽ አይዝም፤ ስለዚህ ቫርኒሽ የሚቀባው ቦታ ሰም አይንካው። እንዲሁም ላዩ ላይ እስከ እንጨቱ የተፋቀ ቦታ ካለ፣ ቫርኒሹ የውሃ ነውና ታኒኑን መልሶ ይጎትታል። ያን ቦታ ቀድመው በቀለም አልባው ሸላክ በትንሽ ብሩሽ ይዝጉት።

ጥቁር ሰም በጎድጓዳው ጌጥ ውስጥ ማስገባት የሚወዱ ከሆነ መጀመሪያ ቀለም አልባውን ሰም ይቀቡ። ጥቁሩን በቀጥታ ማት ቀለም ላይ ካደረጉት ጠጥቶት ይቀራል፣ አይወገድም። ከሥሩ ንጹሕ ሰም ካለ የበዛውን በጨርቅ ማንሳት ይችላሉ።

ዘይት ወይም የዘይት ማቅለሚያ የነካ ጨርቅ ካለዎት ጨምድደው አይጣሉት። ተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

ያበላሹት መሳቢያ ከሌሎቹ የተለየ ችግር የለበትም። ቀለሙ በጥፍር የሚላጥ ከሆነ በፕላስቲክ ስፓቱላ አብዛኛው ይነሳል። የቀረውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ያርሱና ይፈትጉት። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ይጠቡት፣ ይፈግፍጉት፣ ሸላክ ይቀቡት።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን ኮመዲኖውን አገላብጠው ይመርምሩት። ከመሳቢያው ሥር ወይም ከጀርባው የአናጺ ማህተም ወይም ጽሑፍ ካለ፣ የመሳቢያው ማዕዘን በእጅ የተቆረጠ የእርግብ ጅራት መጋጠሚያ ከሆነና ጥርሶቹ እኩል ካልሆኑ፣ ልባጡም ጌጠኛ ከሆነ፣ አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ያሳዩት። እንዲህ ያለውን ዕቃ መቀባት ዋጋውን ሊጥለው ይችላል። ተራ ሆኖ ከተገኘና ለመቀባት ከወሰኑ ደግሞ ሸላኩ ሌላ ውለታ ይውልልዎታል። ነጭ ቀለም በኦክና በማሆጋኒ ቀዳዳ ውስጥ አንዴ ከገባ በምንም አይወጣም። ሸላኩ ቀዳዳውን ስለሚዘጋው፣ አንድ ቀን ልጆችዎ እንጨቱን መልሰው ማየት ቢፈልጉ ቀለሙን ማንሳት ይችላሉ።

የነሐስ እጀታዎቹን አይለውጡ። ቀለም ካለባቸው ሳሙና ባለው ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሯቸው፤ ቀለሙ ልል ብሎ ይነሳል። አዲስ እስኪመስሉ ግን አያብሷቸው። ቀለሙ ሲነኩት በሰዓታት ይደርቅ እንጂ እስከ ውስጡ ለመጠንከር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሳቢያዎቹን በቀስታ ይክፈቱ። ላዩ ላይ የመብራት ማስቀመጫም ሆነ ሌላ ከባድ ነገር አያስቀምጡ፤ ተጣብቆ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።